ምንም ያልነካት ጋላክሲ

ቅናቴ የጀመረው በዶሮ ነው። ሰው በባል ይቀናል፣ በርስት ይቀናል፤ እኔ ጉለይል ውስጥ፣ አርብ ቀን፣ ሩዝ ላይ ተጋድሞ በመጣ የተጠበሰ ዶሮ ቀናሁ።

ጉለይል ጅዳ ውስጥ ኪራይ የሚረክስበት ሰፈር ነው። እንደኛ በሰው ቤት እያደሩ የሚሠሩ ሴቶች ይሰባሰቡና አንድ ክፍል ይከራያሉ። ክፍሉ ሳምንቱን ተዘግቶ ይከርማል፤ የሚከፈተው አርብ ብቻ ነው። «የአርብ ቤት» እንለዋለን። እዚያ ማንም «ያላ፣ ተነሺ» አይለንም። እግራችንን ዘርግተን እንቀመጣለን፣ ጸጉር እንሠራራለን፣ በየማዳማችን እንስቃለን፣ ሲመሽ ወደየቤታችን እንበተናለን።

ክፍሉን መጀመሪያ የያዝነው እኔና ጓደኛዬ ነን። ጓደኛዬ ስል ቃሉ ያንስብኛል። ወሎ ውስጥ ቤታችንን የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ነበር። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን። እናቷ በአረፋ ሲያርዱ ለኛ ቤት ዶሮ በቁሙ ይልኩ ነበር፣ በራሳችን ሰው እንዲታረድ። እናቴም በፋሲካ እንደዚያው ታደርጋለች። የሚለየን የሥጋ ነገር ብቻ ነበር፤ ልቅሶውም ሠርጉም አንድ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለኛ ተረት አልነበረም፣ ኑሯችን ነበር።

ጅዳ ላይ ስንገናኝ የሥጋውን ነገር በዓሣ ፈታነው። ዓሣ አይታረድም። ቢስሚላህም በስመ አብም ሳይባልበት ከባሕር ይወጣል። ደግሞ የነሱ ጁምዓ የኔ ጾም ነው። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለውን ክርክር ለቄሶቹ ትቼላቸዋለሁ። ብቻ ክፍሉን ከያዝን ጀምሮ እዚያ ከዓሣ ሌላ ገብቶ አያውቅም። ሕግ ይሁን ብለን አልተነጋገርንም። እሷ ጠዋት ገበያ ሄዳ ትገዛለች፣ እኔ ቅርፊቱን እፍቃለሁ፣ በሎሚና በቃሪያ አሽተን እንጠብሳለን፣ ከአንድ ትሪ እንበላለን። እኔ ሳምንቱን የምችለው ለዚያ ትሪ ብዬ ነበር።

ኋላ ከጅማ የመጡ ሁለት እህትማማቾች ገቡ። እነሱ ቅናት ውስጥ የሚገቡ አይደሉም፣ ተቃቅፈው ሲተኙ ነው የሚውሉት። ነገር ያመጣችው አምስተኛዋ ናት።

አምስተኛዋ የከሚሴ ልጅ ናት፣ በዕድሜ ከኛ ታንሳለች፣ የምትሠራው ሩዋይስ የሚባል ሰፈር ነው። ቀድሞ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ተይዛ፣ መካ መንገድ ላይ ባለው የሹመይሲ እስር ቤት ታስራ፣ ወደ አገር ተመልሳ፣ አሁን በሕጋዊ ወረቀት የመጣች ናት። ስለ ሹመይሲ ስታወራ እንኳ ሰው ታስቃለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? በመጀመሪያው አርብ ዶሮዋን በሩዝ ላይ አስተኝታ መጣች።

«ቢስሚላህ በሉ፤ የዛሬው ግብዣ የኔ ነው» አለች።

ጓደኛዬን አየኋት። አሁን ትነግራታለች፣ እዚህ ቤት ዶሮ አይገባም ትላታለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ እኔን አየች፣ ዶሮውን አየች።

«አንድ ቀን ነው እንግዲህ፣ ልጅቷን አናሳፍራት» ብላ አንድ ብልት አነሳች።

«እትዬ፣ አንቺስ?» አለችኝ አዲሷ።

«ጾም ነው።»

«ሩዙን ብይ ታዲያ።»

«ሩዙ የምን መረቅ ጠጥቶ ቢጫ የሆነ ይመስልሻል?»

ጓደኛዬ ሳቀች። በኔ ሳቀች። እኔ ዳቦ በቲማቲም በላሁ፤ በላሁ ከተባለ። እትዬ መባሌም ለብቻው አንጀቴን አሳረረው። ጓደኛዬ የአንድ ዓመት ታላቄ ናት፤ እሷን ግን ውዴ እንደማለት «ሐቢብቲ» ነው የምትላት። እሷ ሐቢብቲ፣ እኔ እትዬ! በእመብርሃን፣ አንድ ሽበት እንኳ የለኝም።

ፎቶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የማዳሜ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እኔ እጅ ላይ ያደገች ናት፤ አሁን ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። ለትምህርት ቤት ስለ ጋላክሲ አዘጋጂ ተብላ አንድ ትልቅ ፎቶ አተመች፣ ዳሩ ላይ ቀለም ስለተዝረከረከበት ጣለችውና ሌላ አተመች። የጣለችውን አነሳሁት። ጥቁር ሰማይ ላይ አምስት ጋላክሲዎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተዋል። የአርብ ቤታችን ግድግዳ ላይ እርጥበት ያሻገተው ቦታ ነበር፣ ልኩ ነው ብዬ ወስጄ ለጠፍኩበት።

«እኛም አምስት!» አለች ጓደኛዬ ገና ስታየው። ከዚያ ልክ እንደ ልጅነታችን ማከፋፈል ጀመረች። መሐል ላይ ሁለቱ አንዷ በአንዷ ላይ ወድቀው የተቆላለፉ ናቸው፤ እነሱ ለሚያንቀላፉት እህትማማቾች ተሰጡ። ከላይ ደግሞ አንዲት ጠምዛዛ አለች። ሻይ ላይ ወተት ጠብ አድርጎ አንዴ ሲያማስሉት እንደሚዞረው ዓይነት ናት፤ ግን አንዱ ክንዷ ተስቦ፣ ረዝሞ፣ እንደ ተተረተረ ክር ወደ ጨለማው ወጥቷል።

«ይቺ እኔ ነኝ። እጇን ማን እንዲህ እንደጎተተባት እንጃ» አለች ጓደኛዬ። ቀጥላ ከሁሉም ትልቋን፣ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለባትን፣ ክንዶቿ ሁሉ በቦታቸው በሥርዓት የተጠቀለሉትን ነካች። «ይቺ ደግሞ አንቺ። ምንም ያልነካት። ቀሚስሽ የማይጨማደድ!»

ከዶሮው ወዲህ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው። ትልቋም ቆንጆዋም እኔ!

«እኔስ፣ ሐቢብቲ?» አለች አዲሷ። ጥግ ላይ ከቀረችው ቢጫ ክብ ሌላ የተረፈ አልነበረም። ጓደኛዬ ሳትናገር «ያቻትልሽ» ብዬ አሳየኋት። አዲሷ ቅር እንኳ አላላትም። «ማሻአላህ፣ እንቁላል አስኳል ትመስላለች» ብላ ሳቀች። እሷን ማናደድ እንዲህ ያለ ከንቱ ድካም ነው።

ቀጥሎ የመጣው መካ ነው። ሁለቱ አርብ ጠዋት ለዑምራ አብረው መሄድ ጀመሩ። መካ ከጅዳ ሩቅ አይደለችም፤ ሰው ምሳ በልቶ የሚመለስባት ናት። ለኔ ግን ዝግ ናት። ክርስቲያን አይገባባትም፣ ኢቃማዬ ላይ ደግሞ ሃይማኖቴ ተጽፏል። የማዳሜ ቤተሰብ ጣኢፍ ሊዝናና ሲወጣ እንኳ እኔ መኪናው ውስጥ ካለሁ በመካ ማቋረጥ አይችሉም። ሙስሊም ላልሆነ ወደተተወው መንገድ ታጥፈው ይዞራሉ፣ ማዳሜም መንገዱ ረዘመ ብላ እስክንደርስ ታጉረመርማለች። የምታጉረመርመው በመንገዱ ይሁን በኔ አልጠየቅኳትም።

እና አርብ ጠዋት ያ ክፍል ውስጥ ከሁለት ተኝተው ከሚያንኮራፉ እህትማማቾች ጋር ብቻዬን ዓሣ ስፍቅ እገኛለሁ። ከሰዓት በኋላ ፊታቸው በርቶ ይመጣሉ። እንዲህ ተጋፋን፣ እዚህ ጋ ተጠፋፋን፣ እዚያ ጋ ተገናኘን ይባባላሉ፤ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ሳቅ ይቀድማቸዋል። እኔ ያልነበርኩበት ሳቅ ነውና ወደ መጥበሻዬ እዞራለሁ። ዓሣውንም ሲበሉ እንደ ጥንቱ ከኛ ትሪ ሳይሆን ከመካ ወሬያቸው ጋር ነው የሚበሉት።

አንድ ቀን ጓደኛዬ የመካውን የዘምዘም ውሃ በፕላስቲክ ይዛልኝ መጣች። አማትቤ ሦስት ጊዜ ተጎነጨሁት።

«ያ ረቢ! ክርስቲያን ዘምዘም ትጠጣለች እንዴ?» አለች አዲሷ።

«ይቺ እኮ የወሎ ክርስቲያን ናት» አለች ጓደኛዬ። «የሷ እናት ለእናቴ ጸበል ያመጡላት ነበር። አንቺ ያላየሽው ስንት ነገር አለ መሰለሽ!»

አንቺ ያላየሽው። ያን ቃል ይዤ ሳምንቱን ሙሉ ምንጣፍ ስጠርግ ዘፈንኩ።

ደስታዬ ግን አልሰነበተም። የማዳሜ ልጅ ስለ ፎቶው የምትናገርበት ቀን ሲደርስ ወጥ ቤት መጥታ ማቀዝቀዣው ፊት ቆማ ትለማመድ ጀመር። እኔ ድንች እየላጥኩ ተማሪዋ ሆንኩ። እያንዳንዷ ጋላክሲ ቆጥረው የማይጨርሷቸው ከዋክብት ናት አለች። እነዚህ ደግሞ ከልክ በላይ የተጠጋጉ ቤተሰቦች ናቸው፤ አንዷ ሌላዋን ትስባለች፣ በአጠገብ ስታልፍ ትተረትራታለች።

«ለዚህ ነው የዚያች ክንድ የተዘለዘለው?» አልኳት።

«አዎ። ጠምዛዛ ነበረች፣ አሁንም ናት፤ ግን ጎረቤቶቿ ጎተቷት። አብራቸው ስላለች ነው የተጎዳችው።»

«ይቺ ትልቋስ? ይቺን ምንም አልነካት።»

ልጅቷ ደስ አላት፤ ያቺን ጥያቄ ስትጠብቅ ኖራለች። «እሷማ ከነሱ ጋር አይደለችም! አብራ የቆመች መስላ የምትታየው እኛ ከምድር ስናይ በአንድ አቅጣጫ ስለገጠመች ነው። ከኛ ሲለካ እነሱ ከሷ ወደ ሰባት እጥፍ ይርቃሉ። ሳይንቲስቶች ብርሃናቸውን ሲለኩ አራቱ አንድ ላይ እየራቁ ሄደው አገኟቸው፤ እሷ ግን የራሷ ፍጥነት አላት። ለዚህ ነው ምንም ያልሆነችው። ማንም አልደረሰባትም።»

ድንቹን ልጬ ልጬ ጨረስኩት። ተመልከቱ እንግዲህ ስጦታዬን! ትልቋ፣ ቆንጆዋ፣ ቀሚሷ የማይጨማደደው፣ ለካ ጭራሽ ቤተሰብ አይደለችም። ያቺ እንቁላል አስኳል እንኳ አባል ናት። አባልነቷን ማን ሰጣት? እኔው ራሴ፣ በጣቴ።

ለማንም አልተናገርኩም፣ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ግን ከዚያ ወዲያ አዲሷ ወደ ግድግዳው ቀና ባለች ቁጥር ሌላ ወሬ እፈጥራለሁ። ሰማይ ላይ ያለውን ምስጢር ከከሚሴ ልጅ መደበቅ! ቅናት ሰውን እንዲህ ያጃጅላል።

ወዲያው ደግሞ የባሰው መጣ። የጓደኛዬ አሠሪዎች ጅዳን ለቀው መካ ሊገቡ ሆነ። አብራቸው ትሂድ ወይ ሌላ ከፊል፣ ወረቀቷን የሚይዝ አሠሪ፣ ፈልጋ ጅዳ ትቅር፣ ምርጫውን ለሷ ሰጧት። እንዲህ የሚል አሠሪ ስንቱ አለው? ደግ ሰዎች ናቸው፣ ለዚህም ቀንቼባታለሁ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ አልተቀመጥኩም። የማዳሜ እህት ሠራተኛ እየፈለገች መሆኗን ሰምቼ ነበር፤ ለምኜ፣ አስለምኜ፣ ቦታው እንዲቆይላት አደረግኩ። ቤቱ ከኔ ቤት ሁለት በር አልፎ ነው። እንደ አገራችን ጎረቤት ልንሆን ነው! ቁልቋል ብቻ ነበር የሚጎድለን።

አርብ ደረሰና ይህን ስነግራት ዓሣውን መብላት አቆመች።

«እህቴ፣ እኔ ኢንሻአላህ ልሄድ ነው» አለች።

«የት?»

«መካ።»

«ከሷ ጋር ነው?» አልኩ፣ አገጬን ወደ አዲሷ ቀስሬ። ያልኩት ይህን ነው። ሌላ ሰው ደህና ሁኚ ይላል።

«እኔን የኔ ከፊል መቼ ይለቀኛል?» አለች አዲሷ። ያኔ ሳይሆን ኋላ ነው ድምጿ መሰበሩ ትዝ ያለኝ።

«እናቴን ታውቂያታለሽ» አለችኝ ጓደኛዬ። «ፊቷን ወደዚያ እያዞረች ሰግዳ ሰግዳ ሳታየው ሞተች። እኔ አላህ በር ከፍቶልኝ መግሪብን እዚያ ልሰግድ ስችል እንቢ ልበል? አንቺን ጥዬ አይደለም የምሄደው፤ ወደዚያ ስለምሄድ ነው። ደግሞ መካ እኮ እዚህ ናት፣ ተሳፍሮ መድረስ ነው።»

«ላንቺ ተሳፍሮ መድረስ ነው። እኔ የት ልድረስ? ሹመይሲ ድረስ?»

አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች፤ አዲሷ ተነስታ ሻይ ጣደች። እኔ ደግሞ ሐሳቤን ሁሉ ሰብስቤ የምጣላው ሰው ፈለግኩና አጣሁ። በሰው መቅናት እችልበታለሁ፤ በሰው ብቀና መሳደብ ይቻላል፣ ማኩረፍ ይቻላል። በእግዜር ቤት እንዴት ይቀናል? እናቷንም እወዳቸው ነበር። እሳቸው እዚያ ቢደርሱ ኖሮ መጀመሪያ እልል የምለው እኔ ነበርኩ። ግን ቀናሁ፣ ምን ላድርግ፤ እሷ ልትሄድበት በቸኮለችበት ሁሉ ቀናሁ።

በሄደችበት ሳምንት አርብ ሲመጣ ከቤት መውጣት አልፈለግኩም። ግን እሷ ጥላው የሄደችውን ክፍል እኔም ብተወው ለማን ይቀራል ብዬ ሄድኩ። እህትማማቾቹ ያው ተኝተዋል። ትሪውን አወረድኩት፣ መልሼ ሰቀልኩት። ለአንድ ሰው ትሪ አይቀርብም።

በሩ ተከፈተ፣ አዲሷ ገባች። በእጇ ከረጢት ይዛለች። ውሃ ያንጠባጥባል።

«እትዬ፣ ዓሣ ገዛሁ» አለች። «ግን ቅርፊቱን እንዴት እንደሚያነሱት አላውቅም፣ ወላሂ። ሻጩም አላጸዳልኝም፣ ያንቺ ሥራ ነው ብዬ ተቀበልኩት።»

«ዶሮሽስ?»

«ዶሮውን ከማን ጋር እበላዋለሁ?»

ወለሉ ላይ ጋዜጣ አነጠፍንና ተቀመጥን። ቢላዋውን ከጅራት ወደ ራስ እንድትገፋ አሳየኋት። አንድ ሁለቴ ሞከረች፣ ቅርፊቱ ጸጉሯ ላይ ዘነበ። ከዚያ ቀና ሳትል መናገር ጀመረች።

«አብረን ስንሄድ የምትቀኚ ይመስለኝ ነበር» አለች።

«እኔ?» አልኩ።

«እትዬ፣ አይተሽው አታውቂም እንጂ ፊትሽ እኮ መስታወት ነው።» ሳቀች፣ ወዲያው ተወችው። «እኔ ግን ባንቺ ነው የምቀናው። ጠዋፍ ስናደርግ፣ ካዕባን ስንዞር ወሬዋ አንቺ፣ ሳፋና መርዋ መሐል ስንሄድ አንቺ። ‹እሷ ይህን ብታይ እንዲህ ትል ነበር።› ‹እሷ ይህን ያህል ሰው ብታይ ማነው ምንጣፉን የሚጠርገው ትል ነበር።› ሐቢብቲ ስላት አንድ ቀን ዞር ብላ ባንቺ ስም ጠርታኝ ታውቃለች፣ እዚያው ሐረም ውስጥ። እኔ ከጎኗ ነኝ፣ እሷ ግን ካንቺ ጋር ነበረች የምትዞረው። እኔንም ይዛኝ ትሄዳለች ብዬ አስቤ ነበር። አልጠየቀችኝም እንኳ።»

ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ያላየሁት አገር ውስጥ ስሜ ሲጠራ መኖሩ ደስ አለኝ። የልጅቷ መቃጠልም ደስ አለኝ፤ ሙሉ ዓመት የተቃጠልኩት ብቻዬን አልነበረም ማለት ነው። ከዚያ አንገቷ ላይ የተለጠፈ ቅርፊት አየሁና በጣቴ አነሳሁላት።

ዓሣው መጥበሻው ላይ እያለ ወደ ግድግዳው ተመለከተች። «ያንቺዋ ትልቋ አሁንም ታምራለች» አለች።

ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። ምናልባት የምንሻማባት ሰው ስለሄደች ይሆናል። «እሷ ከነሱ ጋር አይደለችም» አልኳት። የማዳሜ ልጅ ያለችኝን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ክንዷ የተጎተተባት በእውነት ከቤተሰቡ እንደሆነች፣ አስኳሏም እንደሆነች፣ ትልቋ ግን አብራ የምትመስለው ለዓይን ብቻ እንደሆነ። ጨርሼ እንድትስቅብኝ ጠበቅኩ።

አልሳቀችም። ቢላዋውን እንደያዘች ተነስታ ፎቶው ድረስ ተጠጋች።

«አራቱ ናቸው የራቁት?»

«አራቱ። ወደ ሰባት እጥፍ።»

«እሷ ለኛ ትቀርባለች?»

«ትቀርባለች።»

«ታዲያ እትዬ ምን ያስከፋሻል?» አለች። «እኛ ያለነው እዚህ አይደል እንዴ?»

እኔ ከወጥ ቤት ወጥ ቤት ይዤው የዞርኩትን፣ እንዳይታወቅብኝ የተጨነቅኩበትን፣ እሷ ጸጉሯ ላይ ቅርፊት እንደተሸከመች በአንድ እይታ አየችው። ትሪውን ከተሰቀለበት አወረድኩና ዓሣውን መሐል አደረግኩላት። እና እኔ ሳላስበው ቀድማኝ ስላሰበችው፣ ቀናሁባት።